ለሁለተኛው ትራምፔት እረፍት

ገልባጩ በእጁ ይጽፍ በነበረበት ዘመን ባንዱ ሁሉ «ቀስ በቀስ» እያለ ነበር የሚጠራው። ገልባጭ ሲባል አሸዋ የሚደፋው መኪና እንዳይመስላችሁ፤ አንዱን ዜማ ለየመሣሪያው እየለየ ኖታውን በወረቀት ላይ የሚያሰፍረው ሰው ነው። ቀን ቀን በአውቶቡስ ድርጅቱ መጋዘን ተቀምጦ ብሎንና ፍሬን ሸራ ያድላል፤ ከሥራ ሲወጣ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለው አዳራሽ በድርጅቱ የነሐስ ባንድ ሲምባል ይመታል። ሲምባሉን የሰጡትም ወደው አይደለም። ሁለቱን የነሐስ ሳህኖች ማጋጨት በአንድ ዜማ ውስጥ አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚመጣ፣ ቢዘገይም ጉዳቱ አይከፋም ብለው ነው። አንድ ጊዜማ ለአዲስ ጋራዥ ምረቃ የታዘዘውን የማርሽ ዜማ ገልብጦ ሲያመጣ ጋራዡ ጣሪያው ማፍሰስ ጀምሮ ነበር።

ታዲያ ሚስቱ ከመሥሪያ ቤቷ አርጅቷል ተብሎ የተወገደ ላፕቶፕ አመጣችለትና የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ጫነበት። ያመጣሁበት እግሬ ይሰበር ትላለች እስከ ዛሬ። መጀመሪያ ላይማ እንደ ማንኛውም ጀማሪ በማውስ እየለቀመ ነበር የሚጽፈው። አንዲት ኖታ ይመርጥና እየጎተተ ወስዶ አምስቱ መስመሮች ላይ ሊያሳርፋት ሲል እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ኖታዋም ከታሰበላት ቦታ አንድ ደረጃ ከፍ ብላ ትሰቀላለች። ያወርዳታል፣ አልፋ ትወርዳለች። ይሰቅላታል፣ አልፋ ትወጣለች። አንዲት ኖታ ሲያሳድድ ሻዩ በረዶ ይሆናል።

አንድ ቀን ግን ዘዴው ተገለጠለት፤ በቀኝ እጅ ቁጥር፣ በግራ እጅ ፊደል። ቁጥሩ የኖታውን ርዝመት ይወስናል፣ ፊደሉ ድምፁን። የድምፆቹ ፊደላት ደግሞ፣ ያሰበበት ሰው ይባረክ፣ ሁሉም በኪቦርዱ ግራ በኩል ተሰብስበዋል። ርዝመቱን አስቀድሞ ድምፁን አስከትሎ፣ ዓይንን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ ታክ ታክ ማድረግ ነው። የተጻፈው ከፍ ማለት ካለበት ቀስቷን ወደ ላይ፣ መደገም ካለበት አንዲት ቁልፍ፣ የክላርኔቱ መስመር ለፍሉት ካስፈለገ መቅዳትና መለጠፍ። ከዚያች ቀን በኋላ ሰውየው ለቤቱም ለጎረቤቱም አልተመቸም። ሚስቱ ስታወራ ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ የቃሎቿን ርዝመት ይመታሉ። እኔ የቤት ጣጣ አወራለሁ፣ አንተ እኔን ኖታ አድርገህ ታስገባኛለህ ብላ ሁለት ቀን አኩርፋዋለች። መጋዘን ብሎን ሊወስድ የመጣ መካኒክ ሁሉ መጀመሪያ ስለ ቀኝ እጅና ስለ ግራ እጅ ትምህርት ይወስዳል፣ ከዚያ ብሎኑን።

ፍጥነቱ እዚህ ደረጃ በደረሰበት ሰሞን ነው የወንድም ጋሼ ጡረታ የመጣው። ወንድም ጋሼ የገልባጩ ታላቅ ወንድም፣ የድርጅቱ ነባር ሾፌር፣ የባንዱም አንደኛ ትራምፔት ነው። አባታቸው ሲሞት ታናሹን አባት ሆኖ ያሳደገው እሱ ነው። ደከመኝ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሲያመው አየሩ ከብዷል ይላል። ሲርበው ልጆቹ ሳይርባቸው አይቀርም ይላል። ገልባጩ ወንድሙን ከመውደዱ የተነሣ ይፈራዋል፣ ከመፍራቱ የተነሣ ደግሞ ያለው ሁሉ እውነት ይመስለዋል።

በባንዱ አንድ የቆየ ደንብ አለ። ጡረታ የሚወጣ ነፊ በመሰናበቻው ዝግጅት ላይ የመጨረሻውን ኖታ ብቻውን ይነፋል። ሌላው ሁሉ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አኑሮ ይጠብቃል፤ የመሪው እጅም ድምፁ እስኪያበቃ ድረስ ከአየር ላይ አይወርድም። ያ ኖታ በልምምድ አይነካም፤ ለዕለቱ ይቆያል። ሰውየውም ድምፁ በቆየው ልክ ይታወሳል። ቱባ ነፊው ሲሰናበት ሥራ አስኪያጁ አለቀ ብለው ለንግግር ተነሥተው፣ አለማለቁን አይተው ተቀምጠው፣ እንደገና ተነሥተዋል፤ ይህ እስካሁን እየተወራ ይሳቃል። ድምፁ ቶሎ የተቆረጠበት አንድ ትሮምቦን ነፊ ደግሞ ነበር፤ ያ ሁሉ የነፋው ዘመን ተረስቶ «ፍስስ» ተብሎ ቀረ። ስሙን ያወጣለት ሌላ ማንም ሳይሆን ወንድም ጋሼ ነው።

የመሰናበቻውን ማርሽ እንግዲህ ገልባጩ ራሱ አቀናበረው። አንደኛውን ትራምፔት ከላይ እስከ ታች ጌታ አደረገው፤ ረጅም ረጅም መስመር፣ ከዚያ ከፍ፣ ከዚያ ይባስ ከፍ፣ መጨረሻ ላይ ያቺ ብቸኛ ኖታ፣ ከላይዋም እስኪበቃህ ድረስ ያዛት የሚለው ምልክት። ባሳደገው ወንድሙ መሰናበቻ ላይ አገር እንዲደነቅ ፈልጎ ነው። ፕሮግራሙን አጫውት ሲለው ላፕቶፑ ያን ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይተነፍስ ተጫወተው፤ ሰውየውም ዕንባው መጣ።

ከመጀመሪያው ልምምድ በኋላ ወንድም ጋሼ ገልባጩ ቤት መጣ። ከላፕቶፑ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ማርሹ ግሩም ነው አለ፤ ብቻ ይቺኛዋን መስመር ለፍሉቷ ብንሰጣትስ፣ ልጅቷ እጇን አጣጥፋ ስትቀመጥ ታሳዝናለች። ገልባጩ ሌላ ጊዜ ቢሆን ፊቱን ያጨማድድ ነበር። በእጅ በሚጻፍበት ዘመን አንዲት መስመር ከትራምፔት ወደ ፍሉት ትዙር ማለት ሁለት ወረቀት ተቀዶ እንደገና ይጻፍ ማለት ነው፤ ስለዚህ ለምን፣ ማን አለ፣ በምን ምክንያት ተብሎ ችሎት ይቀመጥ ነበር። አሁን ግን ዓይኑ በራ። እይ እንግዲህ አለና መስመሯን መርጦ፣ ቆርጦ፣ ፍሉቷ ላይ ለጥፎ፣ ቀስቷን ወደ ላይ ነካ አደረጋት። ወንድም ጋሼ አጀብ አለው። መደነቁ ለገልባጩ ከምስጋና በላይ ነበር።

በማግሥቱ ደግሞ መጣ። አሁን ያሳሰበው ሁለተኛው ትራምፔት ነው። ሁለተኛው ትራምፔት በሥራው ትኬት ቆራጭ ነው፤ አውቶቡሱ ገና ሳይቆም የሚቀጥለውን ፌርማታ ስም ሲጠራ በሚቀጥለው ፌርማታ ያለው ሰው ይሰማዋል ይባላል። ወንድም ጋሼ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«እዚህ ጋ እረፍት ጨምርለት» አለ። «ምስኪን፣ ታንቆ ሊሞት ነው።»

ሁለቱ ትራምፔቶች ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ለሁለተኛው የተጨመረው እረፍት ለአንደኛውም ተጨመረ። ያላንዳች ጥያቄ፣ በአንዲት ቁልፍ። ቀጥሎ እዚያ ጋም ተጨመረ። ቀጥሎ ከፍ ያለችው ወደ ታች ወረደች፣ የሁለተኛው ትራምፔት ከንፈር ቆስሏል ተብሎ። ረጅሟም አጠረች፣ ክላርኔቱ ቅር ይለዋል ተብሎ። ገልባጩ ወንድሙ ለሰው ያለውን ሐዘኔታ እያደነቀ፣ የራሱን ጣቶች ደግሞ ይበልጥ እያደነቀ፣ የተባለውን ሁሉ አደረገ። ምን አለፋችሁ፣ ምንም ነገር የማያደክም ሲሆን ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም። ሚስቱ ወንድምህ ደረጃው መሃል ላይ ቆሞ የጎረቤት አበባ ሲያይ አገኘሁት ስትለው እንኳ፣ ጡረታ ሰውን እንዲህ አበባ ወዳድ ያደርገዋል ብሎ አለፈው።

ነገሩን ያፈነዳው ትኬት ቆራጩ ነው። አዲሱ ወረቀት በደረሰው ቀን መጋዘኑ መስኮት ላይ መጥቶ በዚያ ድምፁ ግቢውን አናወጠው። መሃል መንገድ ላይ ሞተሩ እንደጠፋ አውቶቡስ በየሁለት እርምጃው የሚያስቆሙት ምን በድሎ ነው? እሱ ገና ትንፋሹ ሳይጀመር መስመሩ ያልቅበታል። ይህን የሚያህል እረፍት ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም።

«ማን ነው እኔን ትንፋሽ የለውም ያለህ?» አለ።

«ወንድም ጋሼ ነዋ» አለ ገልባጩ። «ለአንተ አዝኖ ነው።»

ትኬት ቆራጩ አፉን ከፈተ፤ ያላንዳች ድምፅ መልሶ ዘጋው። እንደዚህ ሲሆን ያየው ሰው የለም። ከዚያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ፣ በቃ ተወው፣ እረፍቱ ይሁን፣ እኔም ይሻለኛል ብሎ ሄደ።

ገልባጩ ፍሬን ሸራ እንደያዘ ቀረ። በቁጣ የመጣ ሰው እንዲህ በአንዴ ሲበርድ አይቶ አያውቅም። ቤቱ ሲደርስ ላፕቶፑን ከፈተና ሌላውን ሁሉ ዝም አሰኝቶ አንደኛውን ትራምፔት ብቻ አጫወተው። ታ ታ። ዝም። ታ። ዝም፣ ዝም። እንደገና ታ። ያ ጌታ አድርጎ የሾመው መስመር ጥርሱ የረገፈ አፍ ሆኗል። ደረጃው፣ አበባው፣ የከበደው አየር፣ የታነቀው ምስኪን፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣበት። እሱ እኮ በፍጥነቱ እየተኩራራ የወንድሙን ልመና አንድ በአንድ በገዛ ጣቶቹ ሲያስገባ ነው የከረመው፤ አንዱንም አልሰማውም። ወንድም ጋሼ ትንፋሽ አጥሮታል። ያቺን የመጨረሻ ኖታ ደግሞ ማንም ሊቆርጥለት፣ ለፍሉቷም ሊሰጥለት አይችልም። ሰው ፊት ብቻውን ቆሞ ሊነፋት ነው፤ ካቃተችውም ፍስስ የሚለውን ስም ያወጣ ሰው ራሱ ፍስስ ተብሎ ወደ ቤቱ ሊገባ ነው። ገልባጩ ራሱን በጥፊ ቢመታው ደስ ባለው።

እንግዲህ ፊት ለፊት ሄዶ ጋሼ ደክሞሃል ማለት የማይታሰብ ነው። በዚያች ሰዓት ማርሹ ይቀራል፣ ወንድማማችነቱም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ዜማውን መለሰለት። ረጃጅሞቹን መስመሮች ሰባበራቸው፤ ትራምፔቱ አንዲት አጭር ነገር ይናገራል፣ ክላርኔቶቹ ይመልሳሉ፣ ይናገራል፣ ይመልሳሉ። ወንድም ጋሼ በልምምድ ሲነፋው ጭውውት ሆኖ አማረ፤ እረፍት መሆኑን ያስተዋለ የለም። አሁን የቀረችው ያቺ የመጨረሻዋ ናት።

ለእሷ የሸረበው ተንኮል እንዲህ ነው። ወንድም ጋሼ ኖታዋን እንደያዘ፣ ከሥሩ ሁለተኛው ትራምፔት በጣም ለስለስ ብሎ በዚያው ድምፅ ይገባል። እሱ ሲሳሳ ክላርኔቱ ይተካል፣ ከክላርኔቱ ፍሉቷ ትቀበላለች፤ ወንድም ጋሼ በመሃል ትንፋሽ ስቦ ይመለሳል፣ ድምፁም ሳይቋረጥ ይሄዳል። ችግሩ የባንዱ መሪ ናቸው። ሙሉውን ኖታ ፊታቸው ዘርግተው ነው የሚመሩት፤ ብቻውን በሚነፋው ሰው ላይ ሦስት ረዳት ተጽፎ ካዩ ደንብ ፈረሰ ብለው ወረቀቱን ይበትኑታል። ፕሮግራሙ ደግሞ ለዚህ መድኃኒት አለው፤ ኖታውን መርጠህ አንዲት ፊደል ስትጫን ከገጹ ላይ ይሰወራል። ገልባጩም የሦስቱን ረዳቶች ኖታ ከመሪው ገጽ ላይ ሰወረ። አጫወተው። ድምፁ ፈሰሰ፣ ቀጠለ፣ አላለቀም፤ ወንድም ጋሼ ጎረምሳ ሆነ። ገልባጩ ጆሮውን አምኖ ለየነፊው የሚደርሰውን ወረቀት ከፕሪንተሩ ላይ አንሥቶ እያጠፈ ፖስታው ውስጥ ጨመረው። ከዕለቱ በፊት የማይነካ መስመር ስለሆነ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ ያየ ሰው አልነበረም። ለትኬት ቆራጩም አልነገረውም፤ ለእሱ መንገር ለመስመሩ ተሳፋሪ ሁሉ መንገር ነው። ባንዱ የተጻፈለትን ይነፋል፣ በቃ።

ዝግጅቱ ከሰዓት በኋላ ነበር። አውቶቡሶቹ ከግቢው ወጥተው ወንበር ተደርድሯል፤ ሾፌሩ፣ መካኒኩ፣ ጸሐፊው ከነቤተሰቡ መጥቷል። ወንድም ጋሼ አዲስ ሱፍ ለብሶ ፀጉሩን ተስተካክሎ የሰርግ ሙሽራ መስሏል። ማርሹ ተጀመረ። ትራምፔቱ ተናገረ፣ ክላርኔቶቹ መለሱ፤ ሰዉ በደስታ ራሱን ይነቀንቃል። ገልባጩም ሲምባሎቹን በእጁ እንደያዘ፣ ከኋላ ቆሞ፣ የጨዋታውን መጨረሻ እንደሚያውቅ ሰው በውስጡ ፈገግ ይላል።

የመጨረሻዋ ኖታ ደረሰች። ባንዱ ዝም አለ። ወንድም ጋሼ ተነሥቶ ቆመና ነፋ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፤ የመሪውም እጅ አየር ላይ ቆመ። ገልባጩ አሁን ይገባል ብሎ ትኬት ቆራጩን አየ። ትኬት ቆራጩ ትራምፔቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል። ክላርኔቱ ቁጭ ብሏል። ፍሉቷም ቁጭ ብላለች። ገልባጩ አንገቱን አስግጎ የትኬት ቆራጩን ወረቀት ተመለከተ፤ ኖታው ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ነጭ ነው። አንድ ነጠብጣብ እንኳ የለበትም።

ያን ጊዜ ገባው። ፕሮግራሙ ኖታውን የሰወረው ከመሪው ገጽ ላይ ብቻ ሳይሆን ከሁሉም ገጽ ላይ ነው። የተሰወረ ኖታ በወረቀት ላይ አይታይም፤ ላፕቶፑ ግን ለራሱ ያየዋል፣ ሲያጫውቱትም ያጫውተዋል። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ድምፅ ቤት ውስጥ የፈሰሰው። ያን ሁሉ ዓመት በእጁ ሲጽፍ፣ ቀርፋፋ ሲባል፣ አንዲት ኖታ ከወረቀት ላይ ጠፍታበት አታውቅም ነበር።

ወንድም ጋሼ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገታተረ። ድምፁ ጫፉ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሥራ አስኪያጅ ጎረቤታቸውን ዞር ብለው አዩ። ገልባጩ ያሳደገው ሰው ትከሻ ሲወርድ ከኋላ አየ፤ ሌላ ምንም ማሰብ አልቻለም። ሲምባሎቹን ባለ በሌለ ኃይሉ አጋጫቸው።

ግቢው ተናወጠ። አንድ ሕፃን ጮኸ። የአንደኛው ሳህን ማንጠልጠያ ተበጠሰና ሳህኑ ከመድረኩ ወርዶ፣ በወንበሮቹ መሃል አልፎ፣ ሥራ አስኪያጁ እግር ሥር ሄዶ በጠርዙ መሽከርከር ጀመረ፤ ይዞራል፣ ይጮኻል፣ ሊወድቅ ይልና እንደገና ይዞራል። ድምፅ ሳያልቅ እጅ አይወርድምና መሪው እጃቸውን እንደሰቀሉ ቀሩ። ሳህኑ አልጨረሰም፤ እሳቸውም አላወረዱም፤ ክንዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጨረሻ ሳህኑ ዋ ዋ ዋ እያለ ተኛ። እጃቸውም ወረደ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እንዲህ ያለ ረጅም መሰናበቻ ተሰምቶ አይታወቅም።

ከመድረኩ ጀርባ መሪው እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው መጡ። ገልባጩን አፍጥጠው፣ ይህ በማን ኖታ ላይ የተጻፈ ነው ብለው ጠየቁት። ወንድም ጋሼ ትራምፔቱን ሳጥኑ ውስጥ እያስተኛ ቀና አለ።

«እኔ ነኝ ያስጻፍኩት» አለ።

መሪው በዕለቱ ተሰናባች ላይ መቆጣት ስለማይገባ ቁጣቸውን ዋጡ። ሁለቱ ወንድማማቾች የትራምፔቱን ሳጥን ገልባጩ ተሸክሞ በዳገቱ መንገድ ወደ ቤት ተያያዙት። ወንድም ጋሼ ስለ ሲምባሉ አላነሣም፤ ገልባጩም ሊያነሣው አልደፈረም። ዳገቱ መሃል ሲደርሱ የወንድም ጋሼ እርምጃ ዘገየ፣ ትንፋሹም መሰማት ጀመረ። ገልባጩ ምን እንደሚያደርግ አሁን ያውቃል። ሳጥኑን አስቀመጠና፣ ቆይ ጋሼ፣ ጫማዬ ተፈታ መሰለኝ ብሎ ጎንበስ አለ። ሳይቸኩል ክሩን ይነካካ ጀመር።

ወንድም ጋሼ ከላይ ሆኖ ለአፍታ አየው።

«ተነሥ» አለው። «ጫማህ አልተፈታም። እኔ ነኝ የደከመኝ።»

የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ገልባጩም ቀና ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ትንፋሹ እስኪመለስለት ድረስ ጠበቀው።